ማዕበል፣ አንድ ስንዝር

"ጣቢያ፣ ጣቢያ፣ እዚህ ጀልባ አንድ።"
(ሁለተኛ ጀልባ ኖሮን አያውቅም።)
"ነፋስ፣ ከየረር በኩል፣ መካከለኛ።
ዕይታ፣ እስከ ሦስተኛው ባሕር ዛፍ።
ማዕበል፣ አንድ ስንዝር።
ዝናብ፣ እየመጣ ነው። ጨርሻለሁ።"

ለገዳዲ ላይ ነው፣ ነሐሴ ማለዳ፣
ግድቡን ጉም ውጦት፣ መስሎ ባዶ ሜዳ፤
ተረኛ እኔ ነበርኩ፣ ከመዝገቡ ጋራ፣
አንድ ዓይኔን ከድኜ፣ ራዲዮው ሲጣራ
የውሃውን ከፍታ፣ የድፍርሱን መጠን፣
የአሉሙን ኪሎ እጽፋለሁ።
ለማዕበል ግን ዓምድ አልተሰመረልን፤
እሱን በጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ።

ባሻ ጥላዬ ናቸው። "ባሻ" ያልናቸው እኛ ነን፤
የመርከብ ማዕረጋቸውን አፋችን አልችል ብሎን።
ባሕር ኃይሉ ሲበተን፣ ባሕሩ ወዲያ ማዶ ሲቀር፣
በአንድ የቆርቆሮ ሻንጣ፣ በአንድ ፊሽካ ብቻ ነበር
ደጋ የወጡት። ሥራ ሲጠይቁ፣
"ዋና ታውቃለህ?" ተባሉ አሉ።
"ትንሽ" ብለው መለሱ።
ከባሕር የተረፋቸው እንግዲህ ባሕር ዛፉ ነው፤
እሱም ሐይቁን በሥሩ ይጠጣባቸዋል።

እኛማ እንስቅ ነበር፣ ከማጣሪያው በር ላይ፣
"ዛሬስ መርከብ አለፈ? ዓሣ ነባሪ ታየ ወይ?"
ኬሚስቱ ደበላ፣ አሉም ባነጣው እጁ፣
ሰላምታ ይሰጣቸዋል፣ እንደ አድሚራል ወዳጁ።
ባሻ አይቆጡም። "ውሃ ትልቅ ትንሽ የለውም፤
የሚያሰጥም ሁሉ ባሕር ነው" ይላሉ። አይጨምሩም።

የቡሄ ማግስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሰማዩ ከሰንዳፋ በኩል እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ መጣ።
"ነፋስ ዞሯል። ከሰሜን። በረዶ፣ የአተር ያህል።"
"በረዶ፣ የባቄላ ያህል።"
"ማዕበል፣ ሁለት ክንድ።"

ሁለት ክንድ! ደበላ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤
ጣሪያው በበረዶ ሲደበደብ፣ ሳቁ መንገድ ሳተ።
"ጀልባ አንድ፣ ጀልባ አንድ፣ እዚህ ጣቢያ" አልኩ።
ሽሽሽ።
ደግሜ ጠራሁ። ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩ።
መስኮቱ ነጭ። ግድቡ ነጭ። የሰዓቱ ቆጣሪ ብቻ ጥቁር።
እርሳሴ በወረቀቱ ጠርዝ፣ አንድ ነጥብ ሲቆፍር፣ ሲቆፍር፣
ያ "ትንሽ" ያሉት መጣብኝ።
ትንሽ ስንት ክንድ ነው?

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ፣ እርጥብ ድምፅ፦
"ጣቢያ። ሐይቁ ተረጋግቷል።
እኔ… ጥቂት ጊዜ ስጡኝ።"

ከውሃ መሳቢያው ማማ መሰላል ጋር
ራሳቸውን በቀበቶ አስረው ነበር።
የናሙና ጠርሙሶቹ በብብታቸው፤
አንድም አልተሰበረ።
ደበላ ካፖርቱን አውልቆ ደረበላቸው።
እጁ ወደ ግንባሩ ሊሄድ ጀመረና፣ ተመለሰ።

በዓመቱ ጡረታ ወጡ። መሣሪያ ተተከለ፣ በፀሐይ የሚሠራ፣
በየሩብ ሰዓቱ ቁጥር የሚልክ፣ "ጣቢያ" ብሎ ግን የማይጠራ።
ልክ ነው፣ ከባሻ ይበልጣል። አይበርደው፣ አይፈራ።
በመዝገቡ ጠርዝ አሁን ምንም የለም።

ኮተቤ፣ ቤቴ፣ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት።
ጀሪካኖቹን ደርድሬ፣ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ።
ቧንቧው ቀድሞ ውሃ አይሰጥም፤ ይተነፍሳል፣ ያስላል፣
ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ኋላ ይጠራል።
እኔም፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦

"ጀልባ አንድ፣ እዚህ ጣቢያ።
ነፋስ፣ ከቧንቧው በኩል፣ ቀላል።
ዕይታ፣ እስከ ጎረቤት አጥር።
ማዕበል፣ በጀሪካኑ አፍ፣ አንድ ጣት።
እየሰማሁ ነው።"